የሙሚና ቸርኬ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ አባቴ ሲራጅ ያችን መኪና የወደደውን ያህል ከቤቱ ሰው ማንንም ወድዶ አያውቅም። እናቴ መሪማ ይህን ስል ትቆጣኛለች። ትቆጣ! እሷ ይቅር ብላ ጨርሳለች፤ እኔ ግን ገና አልጀመርኩም። የሆነውን ሁሉ ያየሁት በሁለተኛ ክፍል ሴት ልጅ ዓይን ነው፤ ያኔ የመሰለኝ ሌላ፣ የሆነው ሌላ። ነገሩ ሲገባኝ ደግሞ ሰዎቹ አርጅተው፣ አንዳንዱም ሞቶ፣ ንዴቴን የምወጣበት ሰው አጣሁ።

መኪናዋ ቀይ ሴሊካ ናት። የድሮ ሞዴል የስፖርት መኪና፤ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ሆዷ አስፋልት ሊነካ ምንም የማይቀረው፣ የፊት መብራቷ ሲበራ ከኮፈኑ ላይ ብድግ፣ ሲጠፋ ጥልቅ የሚል። አባቴ ከአሰብ በባቲ በኩል ካስገባት ሰው ነው የገዛት። እንግዲህ አባቴ የማሾ ነጋዴ ነው። ማሾ በኩንታል የሚሰበስብ ሰው ግማሽ ኩንታል በማትጭን መኪና ምን ይሠራል? አንድም ሰው ጠይቆት አያውቅም። ከዐሱር ሶላት በኋላ ሽርጡን በሱሪ ይቀይርና፣ ሽቶውን ይቀባና፣ የከሚሴን አስፋልት ሽቅብ ቁልቁል ይላታል። ከኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየን ከእኛ በላይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ሙሀዲን እስኪመጣ ድረስ በከተማው እንዲህ ያለ ሌላ መኪና አልነበረም። ሙሀዲን የባቲ ሰው ነው፤ ጅቡቲ የሚመላለስ ነጋዴ፣ ሲስቅ ሦስተኛው ጎረቤት ድረስ የሚሰማ ጎልማሳ። ከሚሴም ቤት ነበረው። ይዞ ብቅ ያለው የዚያችኑ የሴሊካን አዲስ ሞዴል ነው፤ ነጭ ብር የመሰለች። አንድ ቀን ከእኛዋ ጎን አቆማት። አባቴ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ ቁጢጥ ብሎ እግሯን ማየት ጀመረ። ጎማውን አይደለም፤ ጎማውን የሚለብሰውን ብረት፣ ቸርኬውን ነው። የእኛዋ ቸርኬ ድፍን ጥቁር ብረት ነው፤ የሙሀዲን ግን ፊት ያሳያል። አባቴ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገው።

«ወላሂ፣ ይኼ ነገር ለእሷ ነው የተሠራው» አለ፣ የራሱን መኪና እያየ።

ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሙሀዲን ከባቲ ሲመለስ ግመል ገጨ። ዝቅ ያለች መኪና ግመልን እግሩን ስትመታው ግመሉ ጣራዋ ላይ ነው የሚወድቀው። ጣራው ከወንበሩ ተጣበቀ። ሙሀዲን ግን ጭረት ሳይነካው ወጣ። ይህንን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ አላህ ያውቃል፣ ዝም ልበል። ብቻ ከመኪናዋ ደህና ሆኖ የተረፈው አራቱ ቸርኬ ነው።

እህቴ ሙሚና ያኔ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ አስተማሪ ለመሆን ደሴ ልትገባ ተመዝግባ ትጠብቅ ነበር። እኔን ማንበብ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ስሳሳት ጆሮዬን እየቆነጠጠች፣ ሲሳካልኝ ግንባሬን እየሳመች። ደሴ ሄዳ ስትመለስ እውነተኛ አስተማሪ ሆና ትቆነጥጠኛለች ብዬ እፈራ ነበር።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ሙሀዲን ሽማግሌ ይዞ መጣ። እኔ የእጅ ውኃ ይዤ ገባ ወጣ ስል ወሬው የሚደርሰኝ በቁራጭ በቁራጭ ነው።

«ልጁ እኮ እጁ አይታጠፍም» ይላሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«መኪናዋ ብትሄድም እግሯ አለ!» ይላል ሙሀዲን፣ እየሳቀ።

«እግሯ ካለማ ምን ቀረን!» አለ አባቴ፣ እሱም እየሳቀ።

«ልጅቷስ ምን አለች?» ሲሉ ሌላው ሽማግሌ ጠየቁ።

«ዝም አለች። ዝም ካለች እሺ ብላለች» አለ አባቴ።

«ሀ ተኡ፣ እንግዲህ ይሁን» ተባለና ዱዓ ተደረገ።

ለእኔ የገባኝ ያ የሚያብረቀርቅ ነገር ሊሰጠን መሆኑ ብቻ ነው። ሮጬ ለሙሚና ነገርኳት። «የሙሀዲንን ጎማ ሊሰጡን ነው! አንቺ ዝም ብለሻል፣ እሺ ብለሻል አሉ!» አልኳት። ሙሚና የያዘችውን ልብስ መሬት ጣለችው፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ቅናት ነው አልኩ። ከኋላ የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ ቀናች።

ዛሬ ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል። ማን ጠየቃትና ነው ዝም ያለችው? አባቴ አልጠየቃት። እናቴም አልጠየቀቻት። መዳሯን የሰማችው ከእኔ ነው፤ ከሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ ያውም በጎማ ወሬ መሐል።

ኒካሁ የታሰረ ቀን ግቢያችን ዳስ ተጣለ። ወንዶቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው፣ መሐል ሰሌን ላይ አራቱ ቸርኬዎች በሳሙና ታጥበው ተቀምጠዋል። ወላሂ፣ እውነቴን ነው! መህር ባል ለሚስቱ፣ ለራሷ፣ የሚሰጣት ሐቋ ነው። ለሌላዋ ወርቅ ይሆናል፣ ላም ይሆናል። አባቴና ሙሀዲን ተመካክረው ለእህቴ ቸርኬ አደረጉላት። ምስክሩም ይየው ብለው አወጡት።

«መህሯ ምንድን ነው?» ብለው ሸኹ ሲጠይቁ ሙሀዲን በእጁ አሳየ። ሸኹ ጎንበስ ብለው አንዱን ቸርኬ ዳሰሱት።

«ይኼ ለልጅቷ ነው?»

«ለልጅቷ ነዋ!» አለ አባቴ፣ ሙሀዲንን ቀድሞ።

እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው፣ በጉ የታረደው፣ ቁርኣኑም የተቀራው ለጎማው ይመስለኝ ነበር። ሰዎች «እንኳን ደስ አለሽ» ሲሉኝ «አሜን፣ ነገ ይገጠማል» እላለሁ። እነሱ ሲስቁ እኔም እስቃለሁ። ሙሚና ከውስጥ ክፍል ስታለቅስ ዳሱ ድረስ ይሰማል። ሙሽራ ማልቀሷ ወግ ነው ተባለና ማንም ጆሮ አልሰጣትም። አመሻሹ ላይ ወሰዷት።

በማግስቱ ጎሚስታው ሙሄ ክሪኩን ይዞ መጣ። ሴሊካዋን በየጎኗ እያነሳ የድሮውን ቸርኬ አንድ በአንድ አወጣና አዲሱን አስጠጋ። የግራስና የጎማ ሽታው ግቢውን ሞላው።

«አምስት ቡሎን፣ አምስት ቀዳዳ። ልክ ይገባል» አለ። ከዚያ ማሰሪያውን ዳዶ በጣቱ እያሽከረከረ አንገቱን ነቀነቀ። «ግን ጋሽ ሲራጅ፣ ይኼ የድሮው ቸርኬ ዳዶ ነው። የአዲሱ መቀመጫው ሌላ ነው፤ አይቀመጥለትም። የራሱን ዳዶ ከተሰበረችው መኪና ፈትተው ያምጡልኝ።»

«ያቺ መኪና ባቲ ናት፤ እኔ የኔዋን የምነዳት ዛሬ ነው።»

«ይላላል እኮ!»

«አጥብቀዋ!»

ሙሄ አጠበቀ። መሪው ሲዞር የፊቱ ጎማ ከበላዩ ያለውን ፓራፋንጎ ይግጠው ጀመር፤ አባቴ ያንንም በመዶሻ አስቀጠቀጠው። የሚወዳት መኪናው ቀለሟ እየተቀረፈ ሲረግፍ ዓይኑን አላሸም። በልጅነቴ ይህን ያየሁት እንደ ጀግንነት ነው። ዛሬ ሳየው ያ ሰው አንድ ነገር ካማረው ልጁንም፣ የገዛ ንብረቱንም ቀጥቅጦ ነው የሚያስገባው።

ለተወሰነ ጊዜ ዓለማችንን ቀጨን። አንድ ቀን ወደ ጨፋ ሮቢት ገበያ ስንሄድ ግን ከእግሬ ሥር ወለሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አባቴ መንዙማውን እያንጎራጎረ ነው፤ አልሰማም። ድንገት መኪናዋ ባንድ ጎኗ ድፍት ስትል አንድ የሚያብረቀርቅ ጎማ በግራችን በኩል ቀድሞን ሲሮጥ አየሁ።

«አባ፣ የማን ጎማ ነው?» አልኩ።

ጎማው አስፋልቱን ይዞ እየነጠረ ሄደና ከፊት የሚመጣ አይሱዙ ወጣበት። እኛ አስፋልቱን እየፋቅን ቆምን። አባቴ በሩን ከፍቶ ሮጠ፤ ወደ ጎማው። ባለ ሁለት በር መኪና ላይ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የፊቱ ወንበር ካልታጠፈለት መውጣት አይችልም። ኮፈኑ ውስጥ ጭስ አለ፣ እኔ መስታወቱን እየደበደብኩ አለቅሳለሁ። ያወጣኝ የአይሱዙው ሾፌር ነው። «ሰውዬ፣ ልጅ አለች እኮ ውስጥ!» እያለ ሲጮህ እንኳ አባቴ ተንበርክኮ የተሰነጠቀውን ቸርኬ እየገጣጠመ ነበር። እኔ ሾፌሩን ተቀየምኩት። መጀመሪያ የሚታየው የተጎዳው ነው፣ እኔ ደግሞ አልተጎዳሁም ብዬ ላባቴ ተከራከርኩለት።

በተሰበረው ቦታ የድሮው ጥቁር ቸርኬ ተመልሶ ገባ፤ የሦስቱም ዳዶ ያኔ ከባቲ መጣ። ስብርባሪው በማሾ ጆንያ ታስሮ መጋዘን ተጣለ። ከዚያ በኋላ አባቴ መኪናዋን ሲያቆም ጥቁሩን ወገን ወደ ግድግዳ እያዞረ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ሙሚና መጣች። በዚያ በከሚሴ ሙቀት እጀ ረጅም ለብሳ፣ ሻርፗን ተከናንባ። ክንዷ ላይ ጥቁር ነገር አየሁና «ምንድን ነው?» ስላት «ዘይት ፈናጠረብኝ» አለችኝ። አምኜ «ንፊበት» አልኳት። አክስቴ አሻ ነች ኋላ የነገረችኝ። ሙሀዲን ጅቡቲ ሲሄድ በሩን ከውጭ ቆልፎባት ነበር የሚሄደው። ደሴ ልማር ባለች ቀን ደግሞ ክንዷን ያዘና የጋለ ብረት ምጣድ ላይ ጫነው።

ሙሚና አልመለስም ስትል ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ተቀመጡ። በሃይማኖታችን ሴት ባሏን ካልፈለገች መህሯን መልሳ ትለቀቃለች፤ ኹልዕ ይባላል። ሙሀዲን ይህን ሲሰማ ያን ሳቁን ለቀቀው።

«በደስታ! አራቱን ቸርኬዬን ደህናውን እንደ ሰጠሁ ታምጣና ትሂድ። አንዱ ከጎደለ ግን ሚስቴ ናት።»

አንዱ መሰበሩን ከሚሴ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም ያውቃል። ለዚህ ነው የሳቀው። እናቴ ወደ አባቴ ዞራ «ማሎ፣ እባክህ፣ ሦስቱን እንኳ ፍታላትና ቃዲው ይዩት» ብላ ለመነችው።

«መኪናዬን ድንጋይ ላይ ላቁማት እንዴ?» አለ አባቴ። «ትዳር ነው፤ ትታገሥ።»

ይህን ብሎ ሬዲዮኑን ከፈተ። እናቴ ተነሥታ ወደ ማጀት ገባች፤ እኔም ነገሩ እዚያው ያለቀ መሰለኝ።

ሰኞ ማለዳ አባቴ በአይሱዙ ባቲ ገበያ ሄደ። የመኪናው ድምፅ እንደ ራቀ እናቴ፣ ሙሚናና አክስቴ አሻ የሴሊካዋን ክሪክ አውጥተው ሥራ ጀመሩ። እኔ ዘልዬ ከኋላ ወንበር ገባሁ።

«ሌቦች! ለአባ እነግራለሁ! ልቀቁት!»

«ውረጂ፣ ኮቱ፣ ነይ!» አለች አሻ።

«ተዪያት» አለች ሙሚና። «ቀላል ናት፣ ከነነፍሷ እናነሳታለን።»

እንደ ተቀመጥኩ አነሱኝ። ዳዶው አልፈታ ሲላቸው አሻ መፍቻው ላይ በሁለት እግሯ ቆማ ትዘላለች፤ ያች ወፍራም አክስቴ፣ «ቢስሚላህ!» እያለች። ከሥሬ እያንዳንዱ ዳዶ ጯ ብሎ ሲለቅ ይሰማኛል። በድንጋይ ካቆሟት በኋላ ሙሚና ወንበሩን አጥፋ እጄን ይዛ አወጣችኝ። ላብ በላብ ሆና ትስቃለች፤ ከኒካሁ ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እኔ ደግሞ ባባቴ ንብረት መሳቋ አንገበገበኝ።

ሦስቱን ቸርኬ በአስፋልቱ እያንከባለሉ፣ እናቴም ስብርባሪውን በጆንያ ተሸክማ ወደ ቃዲው ወረዱ። እኔ ለአባቴ ልመሰክርለት ከኋላ እየተነጫነጭኩ እከተላለሁ። አንድ ባጃጅ ነጂ አንገቱን አውጥቶ «ኧረ እናንተ፣ ጎሚስታ ሆናችሁ?» አለ።

«ና እንገጥምሃለን፣ አንዱ ጎድሎናል!» አለችው አሻ። ባጃጁን አስነስቶ ጠፋ።

ቃዲው ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ ናቸው። ቀኑን አስቀድመው ቀጥረውላት ስለነበር ሙሀዲንም ተጠርቶ ተቀምጧል። ቸርኬዎቹን ሲያይ ሳቁ ትንሽ ቀነሰ፤ ጆንያው ሲፈታ ግን ተመለሰ።

«ይኸው! አንዱ ስብርባሪ ነው። እኔ የሰጠሁት አራት ደህና ነው። አልቀበልም።»

«በማን እጅ ነው የሰጠኸው?» አሉ ቃዲው።

«ባባቷ።»

«እሷስ ተረክባለች?»

«አባቷ ለእሷ ብሎ ተረከበ እኮ! ምስክር አለኝ።»

«ቃዲ» አለች ሙሚና፣ «ዛሬ ገና ነው የነካኋቸው።» ግራስ እስከ ክርኗ የተቀባውን እጇን ዘረጋች። እጅጌዋ ሲሰበሰብ ያ ዘይት የተባለው ነገርም አብሮ ታየ። ቃዲው አይተው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሱብሃነላህ» አሉ። «ግን ልጄ፣ አባትሽ ላንቺ ብሎ ይዞልሽ ከነበረ በእጅሽ እንደገባ ነው የሚቆጠረው። ከዚያ የጎደለውን አንቺ ነሽ የምትሞይው። ነገሩ ያለው ባባትሽ ቃል ነው። እሱ እስኪመጣ እንጠብቃለን።»

ሙሚና ፊቷ አመድ መሰለ። አክስቴ አሻ እጇን ጭብጥ አድርጋ ያዘቻት። እኔ ግን አባ ይምጣ፣ ያሳያቸዋል እያልኩ በሩን በሩን አያለሁ።

መጣም። ከቀትር በኋላ ከባቲ ተመልሶ መኪናዋን ድንጋይ ላይ ቆማ ሲያገኛት ጎረቤት የት እንደሄድን ነግሮት ነው፤ አቧራውን ሳያራግፍ፣ ጫማው እየተንሻፈፈ ገባ። አሰላሙ አለይኩም እንኳ አላለም።

«ቸርኬዬን! ማናባቱ ነው ቸርኬዬን የፈታው?»

«ሲራጅ፣ ቁጭ በል» አሉ ቃዲው። «እነዚህ የማን ናቸው?»

«የኔ ናቸዋ! የማን ሊሆኑ ነው?»

«የልጅህ መህር አይደሉም? በአደራ ይዘህላት አልነበረም?»

«የምን አደራ? ሴት ልጅ ቸርኬ ምን ያደርግላታል? እኔና እሱ ተነጋግረን ለኔ ነው የሰጠኝ! ይኸው ተቀምጧል፣ ይጠየቅ! ሰው ሁሉ ይስማ፣ የኔ ነው!»

ሙሀዲን እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ። እኔ አጨበጨብኩ። አባ አሸነፈ ብዬ፣ እዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ በደስታ አጨበጨብኩ። አባቴም የሚደግፈው ሰው በማግኘቱ ወደ እኔ ዞሮ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ቃዲው ድምፃቸውን ሳያነሱ «ሁላችሁም ሰምታችኋል» አሉ። «መህሯ አልደረሳትም። ያልደረሳትን መልሺ አልላትም። ይህን የተቃጠለ ክንድ አይቼም ወደዚያ ቤት አልመልሳትም፤ ኒካሁ ፈርሷል። ቸርኬውን በተመለከተ ሰጪና ተቀባዩ እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ። ውጭ ወጥታችሁ ተጨቃጨቁ።»

አሻ «አልሀምዱሊላህ!» ብላ ጮኸች። አባቴ የተፈረደው ለማን እንደሆነ ገና አልገባውም። «እንዴ፣ የኔ ነው እያልኩ! ሐቄን!» እያለ ሦስቱን ቸርኬ ወደ ራሱ ይሰበስባል። ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች። ሰው ፊት ለአባቴ መልስ ሰጥታ የማታውቀው እናቴ።

«የሙሚና አባት!» አለች። «ልጅቷን ሲወስዷት በዚህ ድምፅ ‹የኔ ናት› ብለህ ብትጮህ ኖሮ፣ ማን ይደፍርህ ነበር?»

እኔም እጄን ከጭብጨባው አወረድኩ፤ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ አፈርኩ። ሙሚና ሻርፗን አስተካክላ፣ በአጠገቡ አልፋ፣ በሩን ከፍታ ወጣች። አባቴ ቸርኬውን እንዳቀፈ ነበር፤ ቀና ብሎም አላያትም።